ዘር ሳይዘራ፣ ቅጠል ሳይላክ፦ ቁጥጥር ስላለባቸው ዕፅዋት ለወሎ ሰው የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ከሚሴ፣ ባቲና ወልዲያ ላይ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅባቸው አራት ነገሮች አሉ። ዐረብ አገር ወይም አውሮፓ ላለ ዘመድ የደረቀ ጫት መላክ አንዱ ነው። ከውጭ በፖስታ የመጣ ምንነቱ ያልታወቀ ዘር ጓሮ ውስጥ መዝራት ሌላው ነው። በእኩል በተሰጠ ማሳ ወይም በተከራየ ግቢ ውስጥ ሌላ ሰው ያበቀለው ካናቢስ መገኘቱም አለ። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የሰው አደራ ሳይፈትሹ ተቀብሎ ኤርፖርት መግባት ነው።

በአራቱም ጥያቄው አንድ ነው፦ «ይህ ተክል ቁጥጥር አለበት ወይ? ፈቃድስ ያስፈልገዋል?» ሰው ግን የሚጠይቀው ከተያዘ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ ጥያቄውን ወደፊት ያመጣዋል። ዘሩ መሬት ሳይነካ፣ ቅጠሉ ሻንጣ ሳይገባ መደረግ ያለበትን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። የተጀመረ ክስ ካለባችሁ ግን ንባቡን ተዉትና በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ፤ ጠበቃም ያዙ።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

አንድ ክላሰር ወይም ፋይል ያዙ። የምትጠይቁት ሁሉ፣ የሚሰጣችሁ መልስ ሁሉ፣ ደረሰኝና ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ይገባል። በቃል የተሰጠ መልስ ፍርድ ቤት ፊት አይቆምም። «ቢሮ ሄጄ ችግር የለውም ብለውኛል» ከማለት «በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር የጻፉልኝ ደብዳቤ ይኸው» ማለት ይሻላል።

በፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ የተክሉ የአገር ስምና ሳይንሳዊ ስም፣ ከማን እንደመጣ ወይም ለማን እንደሚሄድ፣ የሚያልፍባቸው አገሮች በሙሉ፣ የሚሄደው ክፍል ምን እንደሆነ (ዘር፣ ችግኝ፣ ትኩስ ቅጠል፣ ደረቅ ቅጠል፣ ዱቄት ወይስ ዘይት)፣ እና ለምን እንደተፈለገ። አምስቱን መሙላት ካልቻላችሁ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

ደረጃ 1፦ ተክሉን በትክክል ለዩ

የአገር ስም ብቻ አይበቃም። አንድ ተክል በቃሉ ወረዳና በራያ የተለያየ ስም ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ስም ደግሞ ለሁለት የተለያዩ ተክሎች ሲጠራ ይሰማል። ሕጉና ጉምሩኩ የሚሠሩት በሳይንሳዊ ስም ነው። ስለዚህ፦

1. ተክሉ በማሳ ላይ ካለ አትንቀሉት፣ አትቁረጡት። በቆመበት ቅጠሉን ከላይና ከታች፣ ግንዱን፣ አበባውንና ፍሬውን ፎቶ አንሱ። ከጎኑ አንድ የታወቀ ዕቃ አስቀምጡ፤ መጠኑ እንዲታይ።

2. ፎቶውን ለወረዳችሁ የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አሳዩ። እዚያ ካልተለየ ኮምቦልቻ ያለው የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ወይም የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ጠይቁ። የመጨረሻው ቦታ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው፤ ዕፅዋትን በሳይንሳዊ ስማቸው የመለየት ሥራ የሚሠራበት ነው።

3. የታሸገ ዘር ከሆነ በእሽጉ ላይ ያለውን የላቲን ስም ፊደል በፊደል ገልብጡ። ስም የሌለው እሽግ ካለ ማንም ምን ይበል፣ አትክፈቱት።

ማስጠንቀቂያ፦ የስልክ መተግበሪያ «ይህ እገሌ ተክል ነው» ቢላችሁ ለፍለጋ ይረዳችሁ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በተለይ ገና በቅጠል ደረጃ ላይ ያለ ችግኝ ባለሙያንም ያሳስታል።

ካልተሳካ፦ ተክሉ ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ ካልቻለ አትዝሩት፣ አትላኩት፣ አትሽጡት። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ «መድኃኒት ነው» ተብሎ የተገዛ ሥርም ቢሆን እንዲሁ ነው። ሻጩ ሊያውቀው ይችላል፤ ጉምሩክ ላይ ግን ሻጩ አብሯችሁ አይቆምም።

ደረጃ 2፦ ተክሉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ወስኑ

ሰው ብዙ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ተክሉ አንድ ጥያቄ ነው፤ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ለየብቻ መጠየቅ አለባችሁ።

ሀ. ተክሉ ራሱ ቁጥጥር ያለበት

ካናቢስ፣ ኦፒየም የሚወጣበት ፖፒና ኮኬይን የሚወጣበት ኮካ እዚህ ናቸው። ሦስቱም በ1961 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ (አደንዛዥ) መድኃኒቶች ስምምነት በስማቸው ተጠርተዋል (በዚህ መመሪያ የውጭ ነገር ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ሕግ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። በ1988ቱ ስምምነት ደግሞ አገሮች ሦስቱን ለአደንዛዥ ዕፅ ማምረቻ ብሎ ማብቀልን ወንጀል እንዲያደርጉ ተስማምተዋል። ኢትዮጵያ የእነዚህ ስምምነቶች አባል ናት። በአገር ውስጥ ዋናው ድንጋጌ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ነው። ያለ ፈቃድ እንዲህ ያሉ ዕፆችን ማምረትን፣ ወደ አገር ማስገባትን፣ ማስወጣትን፣ ማጓጓዝንና መሸጥን በአንድነት ይይዛል። ቅጣቱ ጽኑ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ነው።

«ለራሴ ብቻ ሁለት ሦስት እግር» የሚባል የጓሮ መጠን የለም። «ሌላ አገር ፈቅደውታል» የሚለውም አያዋጣም። በ2020 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ታኅሣሥ ላይ ካናቢስ ከ1961ዱ ስምምነት ከአራተኛው ሰንጠረዥ፣ ማለትም እጅግ ጥብቅ ከሆነው ዝርዝር ወጥቷል፤ ያን ዜና የሰሙ ሰዎች ነፃ የወጣ መስሏቸዋል። በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ግን እንዳለ ነው፤ ቁጥጥሩም አልተነሣም።

ዘርን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። የ1961ዱ ስምምነት የካናቢስንና የፖፒን ዘር ከትርጓሜው ውጭ አድርጓል። ዘር ሻጮች ይህን እየጠቀሱ «ዘሩ ሕጋዊ ነው» ብለው ይልካሉ። ዘሩ የበቀለ ቀን ግን ተክል ነው፤ ያበቀለው ደግሞ እናንተ ናችሁ። አገሮችም ዘሩን ለብቻው ሊከለክሉ ይችላሉ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ዳቦ ላይ የሚነሰነሰውን የፖፒ ዘር እንኳ ከልክላለች። ከአውሮፓ በዱባይ በኩል የምትመለሱ ሰዎች ቅመም ስትገዙ ይህን አስታውሱ።

ለ. ተክሉ ያልተጠራ፣ ንጥረ ነገሩ ግን የተጠራ

የእኛ ጫት እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ተክሉን መርምሮ ወደ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር እንዲገባ አልመከረም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በ1971 የሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ የሚሠሩ) ንጥረ ነገሮች ስምምነት በመጀመሪያው ሰንጠረዥ፣ ካቲን ደግሞ በሦስተኛው ሰንጠረዥ ውስጥ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ አገር የራሱን መንገድ ይዟል፤ አንዱ ተክሉን በስሙ ከልክሏል፣ ሌላው ንጥረ ነገሩን ይዞ ያስራል፣ ሌላው ግብር እያስከፈለ ይሸጠዋል። ሜስካሊን የሚባል ቁጥጥር ያለበት ንጥረ ነገር ያለበት ሳን ፔድሮ የሚባለው ቁልቋልም እንዲሁ ነው፤ አንዳንድ አገር ለጌጥ በሱቅ ይሸጣል፣ ቆርጦና ፈጭቶ መያዝ ግን ያስከስሳል።

ሐ. መርዛማ

አስተናግር በስምምነቶቹ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። የወንጀል ሕጋችን ግን ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር መርዛማ የሆኑትንም አብሮ ያያል። በየአጥሩና በየፍርስራሹ ስለሚበቅለው አረም ማንም አይከሳችሁም። ሆን ብሎ ማብቀል፣ ፍሬውን ማድረቅና ለሰው መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የወሰደው ሰው ከተጎዳ ደግሞ ክሱ በአንድ አንቀጽ አይቆምም። በባህል ሕክምና ሥራ ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ነጥብ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

መ. ተራ ተክል

የአበባ ዘር፣ የፍራፍሬ ችግኝ፣ የቅመም ዘር። አደንዛዥ ነገር የለበትም፤ ያለ ዕፅዋት ጤና ፈቃድ ግን ከውጭ አይገባም። ይህ በደረጃ 4 ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ሕጉን በመንገዱ ሁሉ ላይ ፈትሹ

በወረቀት ላይ መስመር አስምሩ። መነሻ፣ ማለፊያ፣ መድረሻ። ለምሳሌ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ ለንደን። በእያንዳንዱ ነጥብ ስር «ማብቀል፣ መያዝ፣ ማስገባት፣ ማስወጣት» ብላችሁ ጻፉና ለእያንዳንዱ መልስ ፈልጉ። አንዱ ነጥብ ላይ «ክልክል» ከወጣ ጉዞው አለቀ።

ጫት በኢትዮጵያ ይመረታል፣ ይሸጣል፣ በንግድ ፈቃድ ወደ ውጭ ይላካል። ወረባቦ፣ ቃሉና ሐይቅ ዙሪያ የገበሬው ገቢ ነው፤ ወዳጃ ላይ ዱዓ የሚደረግበት ነው። ይህ እውነት የሚያገለግለው እስከ ድንበሩ ብቻ ነው። ጅቡቲ፣ ሶማሊያና ኬንያ ይፈቅዳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እዩት፦

ሳዑዲ ዓረቢያ፦ ጫት ክልክል ነው። አገሪቱ በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ወንጀል የሞት ቅጣት ትፈጽማለች፤ አቁማው የነበረውንም በ2022 በአውሮፓ አቆጣጠር እንደገና ጀምራለች።

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፦ ክልክል ነው።

እንግሊዝ፦ ከሰኔ 24 ቀን 2014 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ተክሉ ራሱ በሲ ምድብ ተከልክሏል። ማስገባትና ማከፋፈል እስከ 14 ዓመት እስራት ሊያመጣ ይችላል።

ኔዘርላንድስ፦ ከ2013 ጀምሮ ክልክል ነው። በአንድ ወቅት የጫት ጭነት በነፃ የሚገባባት አገር ስለነበረች አሁንም «ሆላንድ ችግር የለም» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። የሰማው የድሮውን ነው።

አሜሪካ፦ ካቲኖን በጥብቁ የመጀመሪያ ሰንጠረዥ፣ ካቲን በአራተኛው ውስጥ ናቸው። ቅጠሉ ተመርምሮ ከተገኙ ክሱ በእነሱ ላይ ይመሠረታል።

ካናዳ፦ ያለ ፈቃድ ማስገባት ክልክል ነው።

ቻይና፦ ከ2014 መጀመሪያ አንሥቶ ጫትን በቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። ዕቃ ለማምጣት ጓንጁ የምትመላለሱ ነጋዴዎች ይህን ዕወቁ።

«ደርቋል፣ ኃይሉ ጠፍቷል» የሚለው ክርክር ብዙ ሰው ያሳስታል። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ካቲኖኑ እየቀነሰ ወደ ካቲን እንደሚለወጥ እውነት ነው። ግን ካቲንም ራሱ ቁጥጥር አለበት። ደርቆ የተላከ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን ሊቀር ይችላል፤ ላቦራቶሪም ያገኘዋል። እንግሊዝን በመሰለ ተክሉን በስሙ በከለከለ አገር ደግሞ ኃይሉ ቀረ አልቀረ ጥያቄው አይነሣም።

ከዚህ የባሰው የውሸት ስም ነው። የደረቀ ጫት «አረንጓዴ ሻይ»፣ «ሂና» ወይም «ሞሪንጋ» ተብሎ ሲላክ የብዙ አገር ጉምሩክ ለይቶ የሚያውቀው ዘዴ ሆኗል። በእሽጉ ላይ የውሸት ስም የጻፈ ሰው በኋላ «ክልክል መሆኑን አላውቅም ነበር» ቢል ማን ያምነዋል? ስሙን መደበቁ ራሱ ማወቁን ይመሰክርበታል።

አገር ቤት ስላላችሁም አትዘናጉ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 17 በአንቀጽ 525 የተጠቀሰውን ወንጀል በውጭ አገር የፈጸመ ሰው በኢትዮጵያም ሊከሰስ እንደሚችል ይደነግጋል። «ጉዳዩ እዚያ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ» የሚለው ቃል አያድንም።

ካልተሳካ፦ የአንዱን አገር ሕግ ማረጋገጥ ካልቻላችሁ አዲስ አበባ ላለው የዚያ አገር ኤምባሲ በኢሜይል ጠይቁ። የተክሉን ሳይንሳዊ ስምና የሚሄደውን ክፍል ግለጹ። መልሱን አትሙና ፋይል ውስጥ አስገቡ። መልስ ካልመጣ እንደተከለከለ ቁጠሩት።

ደረጃ 4፦ ዘር ወይም ችግኝ ከውጭ ማስመጣት ከፈለጋችሁ

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ብዙ ሰው ዘሩን ይገዛል፣ ያስጭናል፣ ከዚያ ፈቃድ ፍለጋ ይወጣል። ያን ጊዜ ዕቃው ተይዟል፣ ጥያቄው ደግሞ ምርመራ ሆኗል።

1. በመጀመሪያ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን የዕፅዋት ማስመጫ ፈቃድ ጠይቁ። በማመልከቻው ላይ ሳይንሳዊ ስም፣ መጠን፣ የሚመጣበት አገር፣ የሚገባበት በርና ዓላማውን ግለጹ። ፈቃዱ ሳይወጣ ገንዘብ አትላኩ።

2. የፈቃዱን ቅጂ ለላኪው ስጡት። እሱ ደግሞ ከአገሩ የዕፅዋት ጤና መሥሪያ ቤት ፋይቶሳኒታሪ ሰርተፊኬት (የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ) ያወጣል። በሰርተፊኬቱና በፈቃዱ ላይ ያለው ስምና መጠን አንድ መሆኑን አረጋግጡ። በአንድ ፊደል ልዩነት ጭነት ሊቆም ይችላል።

3. ተክሉ በደረጃ 2 ከሀ ወይም ከለ ወገን ከሆነ ይህ ብቻ አይበቃም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የ1961ዱ ስምምነት ለእያንዳንዱ የናርኮቲክ ጭነት የተለየ የማስገቢያ ፈቃድና የላኪውን አገር የማስወጫ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ ለምርምርና ለሕክምና ተቋማት የተዘጋጀ መንገድ ነው። ግለሰብ ለጓሮው ብሎ ቢያመለክት ያገኘዋል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ፤ «ላስፈቅድልህ እችላለሁ» የሚል ደላላ ከመጣም አጭበርባሪ ነው።

4. ዕቃው ሲደርስ በዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ በሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ላይ እውነተኛ ስሙን ጻፉ። ትራንዚተራችሁ «ቀረጥ እንዲቀንስ ሌላ ስም እንስጠው» ቢል አትስማሙ። በዲክላራሲዮን ላይ የሚገኘው ስም የእናንተ ነው።

5. በእጅ ሻንጣ የመጣ ዘር ካለ ቦሌ ላይ ሳትጠየቁ አሳዩ። ተይዞ ከመገኘትና አሳይቶ ከመወረስ መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው። አሳይታችሁ ቢወረስባችሁ የጠፋው ዘሩ ብቻ ነው።

ወደ ውጭ የሚሄድ ዘርም የራሱ ሕግ አለው። የአገር ዘርና ሌላ የዘረመል ሀብት ከአገር ለማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። የጫት ችግኝ ወይም የመድኃኒት ተክል ዘር «ለምርምር ነው» ብሎ የሚጠይቅ የውጭ እንግዳ ከመጣ ወደ ኢንስቲትዩቱ ምሩት። በእጃችሁ አትስጡት።

ደረጃ 5፦ በመሬታችሁና በግቢያችሁ ያለውን ተቆጣጠሩ

ካናቢስ ብቻውን አይዘራም። በበቆሎና በማሽላ መካከል፣ ከአጥር ጀርባ፣ ሰው በማይመላለስበት ጥግ ይዘራል። መሬቱን በእኩል ወይም በኪራይ የሰጠ ሰው በሰማ ጊዜ የሚደነግጠውም ለዚህ ነው።

1. መሬት ስትሰጡ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፤ ምን እንደሚዘራም ግለጹ። «ከዚህ ውጭ ያለ ሰብል ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ አይዘራም፣ በሕግ የተከለከለ ተክል ቢገኝ ውሉ ይፈርሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባበት። ሁለት ምስክር ያስፈርሙ፤ ቅጂው ቤት ይቀመጥ።

2. ከአረም ጊዜ እስከ አጨዳ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማሳውን ዳር እስከ ዳር ተዘዋወሩበት። አዝመራው ሲረዝም መሃሉን የሚያይ ሰው የለም።

3. ግቢ ለምታከራዩ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በተለይ፣ የጓሮውን አጠቃቀም በኪራይ ውሉ ላይ ግለጹ። የተከራዩን የመታወቂያ ቅጂ ያዙ።

የተከለከለ ተክል ካገኛችሁ፦ አትንቀሉት፣ አታቃጥሉት፣ ተሸክማችሁ ወደ ፖሊስ አትሂዱ። ስትነቅሉ በእጃችሁ ገባ፤ ስትሸከሙ አጓጓዛችሁ፤ ስታቃጥሉ ማስረጃ አጠፋችሁ ሊባል ነው። ሁለት ጎረቤት ጠርታችሁ በቆመበት አሳዩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ በዚያው ዕለት ለቀበሌና ለፖሊስ አመልክቱ። ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ የተቀበለው ሰው በቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ ያስቀምጥ።

«የአክስቴ ልጅ ነው የዘራው፣ እንዴት ላመልክት?» የሚል ሰው ይኖራል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ሽማግሌ መላክ ከፈለጋችሁ ያንኑ ዕለት ላኩ። ሳምንት ጠብቃችሁ ግን በማሳችሁ ላይ ቢገኝ ማወቃችሁን የሚመሰክረው ያው ሽማግሌ ነው።

ደረጃ 6፦ አደራና ሻንጣ

ጉዞ ያለው ሰው ቤት አደራ ይበዛል። «እታለም፣ ይቺን ለልጄ አድርሺልኝ፤ ሽሮና በርበሬ ነች፣ ትንሽ ሞሪንጋም አለች» ይባላል። «ኪሎ ተርፎሻል አሉ» ተብሎ የማታውቁት ሰውም ይደውላል። እምቢ ማለት ነውር የሚመስልበት አገር ነን። ጅዳ ላይ ግን ሻንጣው የተያዘበት ሰው ባለቤቱ ነው፤ የላከችው እናት አትጠየቅም።

1. አደራ የምትቀበሉት ከምታውቁት ሰው ብቻ፣ ባለቤቱ ባለበት፣ ተከፍቶ ሲፈተሽ ነው። ታሽጎ የመጣ አትቀበሉ።

2. ሽሮውንና በርበሬውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡና ራሳችሁ እንደገና አሽጉ። በዱቄት መሃል የተቀበረ ነገር የሚገኘው እንዲህ ብቻ ነው። የሻንጣውን ገበርና እጀታ፣ የጫማውን ሶል ዳስሱ።

3. ማንኛውንም የደረቀ ቅጠል፣ ቢታወቅም ባይታወቅም፣ አትውሰዱ። በዚህ ነጥብ ላይ ልዩ ሁኔታ አትፍቀዱ። ጤና አዳምም ቢሆን በምርመራ እስኪለይ ድረስ ሰዓታት ያስቆያችኋል።

4. የሰጪውንና የተቀባዩን ሙሉ ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ፎቶ ያዙ። ዕቃው ተከፍቶ በሚታይበት ሁኔታ ከሰጪው ጋር በቪዲዮ ቅረጹ። ቅር ያለው ሰው ዕቃውን ይዞ ይመለስ።

5. ሻንጣችሁን ራሳችሁ ዝጉ። ከተመዘነ በኋላ ያለው የሻንጣ ቁጥር ወረቀት አይጥፋ።

በየመን በኩል ወደ ሳዑዲዋ ጂዛን የሚያቀናውን መንገድ ለያዙ ልጆች አንድ ነገር። ደላላ «ይቺን ከረጢት ተሸከምና በነፃ ትሻገራለህ» ካለ፣ ከረጢቷ ውስጥ ያለው ጫት ወይም ሐሺሽ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ዕዳውን በገንዘብ መክፈል ይሻላል። ቤተሰብ ያላችሁ ይህን አሁን፣ ልጁ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንገሩት፤ መንገዱን ማስቀረት ከቻላችሁ ደግሞ አስቀሩት።

ደረጃ 7፦ ነገር ከተበላሸ

ያላዘዛችሁት ዘር በፖስታ ከመጣ፦ አትክፈቱት፣ አትዝሩት፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣሉት። ከነፖስታው ፎቶ አንሱና ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስረክቡ። አደንዛዥ ነገር ከመሰላችሁ ደግሞ ባለበት አስቀምጣችሁ ፖሊስ ጥሩ።

ፖሊስ ሊፈትሽ ከመጣ፦ አትጋፉ፣ አትሽሹ። የፍርድ ቤት የብርበራ ማዘዣ እንዲያሳያችሁ በትሕትና ጠይቁ። ፍርድ ቤት በተለየ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የተያዘው ነገር ዝርዝር፣ ክብደቱና ያለበት ሁኔታ በፊታችሁ ይጻፍ። ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉት።

ከተያዛችሁ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ያለመናገር መብት ይሰጣችኋል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ምክንያታዊ የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለባችሁ። ስማችሁንና አድራሻችሁን ተናገሩ። ስለ ተክሉ ግን ጠበቃ እስኪመጣ ጠብቁ። በድንጋጤ የሚወጣ «ትንሽ ነው፣ ለራሴ ነው» የሚል ቃል በኋላ አይመለስም። ጠበቃ መቅጠር ካልቻላችሁ ፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመድብላችሁ ጠይቁ፤ ደሴ ያለውን የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ አናግሩ።

ጠበቃችሁን ሁለት ነገር ጠይቁት። የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ ምን ንጥረ ነገር ተገኘ፣ በምን ያህል ክብደት? ሁለተኛው በአንቀጽ 80ና በአንቀጽ 81 መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሻንጣው ውስጥ ያለውን ነገር ጨርሶ አለማወቅ የፍሬ ነገር ስሕተት ነው፤ ሊያከራክር ይችላል። ዕቃውን እያወቁ ክልክል መሆኑን አለማወቅ ግን ሕግን አለማወቅ ነው፤ በመርሕ ደረጃ ነፃ አያወጣም። በደረጃ 6 ያስቀረጻችሁት ቪዲዮና በፋይሉ ያለው ወረቀት የሚጠቅሙት እዚህ ነው።

ዘመድ ውጭ አገር ከተያዘ፦ የታሰረው ሰው ጉዳዩ ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህ በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ተጽፏል። ቤተሰቡ ሙሉ ስሙን እንደ ፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ የፓስፖርት ቁጥሩን፣ የተያዘበትን ከተማና ቀን፣ የመጨረሻውን የስልክ ንግግር በወረቀት ያስፍር። ፓስፖርት ከሌለው የቀበሌ መታወቂያና የልደት ማስረጃ ያያይዝ። ይህን ይዞ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያመልክት፤ በዚያ አገር ላለው ኤምባሲም ቅጂው ይላክ። ሌላ ዘመድ እዚያው ካለ ወደ እስር ቤቱ ራሱ ከመሄዱ በፊት የመኖሪያ ወረቀቱ የተስተካከለ መሆኑን ያረጋግጥ።

በዚህ ጊዜ «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ይህን ያህል ሺሕ ሪያል ላኩና ይወጣል» የሚል ሰው መደወሉ አይቀርም። ከብት አትሽጡ፣ መሬት አታስይዙ። ክሱ በየትኛው ፍርድ ቤት በየትኛው መዝገብ ቁጥር እንደተከፈተ ጠይቁት፤ የመዝገብ ቁጥሩን ካልሰጣችሁ ስልኩን ዝጉ። ከሰጣችሁም ቁጥሩን ለኤምባሲው አሳልፋችሁ ስጡና መኖሩ ሳይረጋገጥ አንድ ሳንቲም አትላኩ።